ለካሪን ሠርግ ያልተጠየቀ ጥቅልል

ስልኬ አይጮህም ማለቴ አይደለም። ይጮሃል። ጥርስ ሐኪሙ ይደውላል፣ ቤተ ክርስቲያን ለቢንጎ ጨዋታ ትደውላለች፣ የማላውቀው ሰው የጣራ ቆርቆሮ ልቀይርልሽ ብሎ ይደውላል። ኦልጋ ግን አትደውልም። ከመጋቢት ጀምሮ እጠብቃለሁ፤ ይኸው ሰኔ ገባ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ቅዳሜ ካሪን ታገባለች። እኔ አንዴ መስኮት፣ አንዴ ስልክ፣ አንዴ ፍሪዘር እያልኩ ወለሉን ልጨርሰው ነው። ቁጭ ስል እግሬ አልረጋ ይላል፣ ስነሳ ደግሞ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

ኦልጋ ታናሽ እህቴ ናት፤ ካሪን የእሷ ልጅ። እዚህ ያንግስታውን ከተማ ውስጥ ሴት ልጅ ስታገባ እናትየው ከሦስት ወር በፊት ስልኳን ታቅፋ ትቀመጥና ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ ትደውላለች። «አንቺ ለልጄ ሠርግ ስንት ደርዘን ታመጫለሽ?» ትላለች። ኬኩን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሠርግ ማለት አዳራሹ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋው የኩኪስ ጠረጴዛ ነው። ሰው የሙሽራዋን ቬሎ ይረሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደነበረና ማን እንደጋገረው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ያወራል። ያልተደወለላት ሴት ዘመድ አይደለችም፣ እንግዳ ናት። ለብሳ ተኳኩላ መጥታ የሰው ኩኪስ በልታ የምትሄድ።

የጥሪ ካርዱማ ደርሶኛል። በወርቅ ቀለም የተጻፈ። ወርቁ ምን ያደርግልኛል!

እኔ እንግዲህ የጥቅልል ሰው ነኝ። ሊጡን በቀጭኑ እቆርጥና የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ላይ እየጠመጠምኩ እጋግረዋለሁ። ሲበርድ እንጨቱን ሳብ አድርጌ አወጣና ሆዱን በነጭ ክሬም እሞላዋለሁ፤ ከላይ የተፈጨ ስኳር እነሰንስበታለሁ። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ያለ እኔ ጥቅልል የተጋባ ሰው የለም። ሁለት ጥንዶች ተፋተዋል፤ እሱ የጥቅልሉ ጥፋት አይደለም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳልጠየቅ ጋገርኩ። ሦስት መቶ። ድንገት ብትደውል እጄን አጣጥፌ እንዳታገኘኝ ብዬ ነው። ባዶዎቹን በሣጥን በሣጥን አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ ደረደርኳቸው፤ ክሬሙ የሚሞላው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድሞ ከተሞላ ሊጡ ይርሳል። እየጋገርኩ አንዱን ቀመስኩት፤ ምንም አይል። ዘንድሮ ደግሞ ጣዕም ያለው ምን ነገር አለ? ቅቤው ውሃ፣ ቡናው ውሃ፣ ሳሙናው እንኳ አይሸትም። ቡና ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ። ከሥጋ ሻጩ ጋር ተጣላሁ፤ «አንተ ሰውዬ ካርቶን ነው የምትሸጥልኝ?» ብዬው ሱቁ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ፋብሪካዎቹ ከሁሉ ነገር እየቀነሱ ነው የሚሸጡልን፣ ማንም አይናገራቸውም እንጂ።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሮጬ አነሳሁት። የአጎቴ ልጅ ሮዝሜሪ ናት።

«ቬርና፣ እንዴት አደርሽ? ዓርብ በስንት ሰዓት ላንሳሽ?»

«ወዴት?»

«አዳራሹ ነዋ! ጠረጴዛውን ልንደረድር! ኩኪሱን የሚያመጡት ሁሉ ዓርብ ከሰዓት ይምጡ ብላለች እኮ ኦልጋ።»

«እኔን አላለችኝም።»

 «ውይ» አለች። ሮዝሜሪ «ውይ» ካለች ነገር አለ ማለት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።

«ምንድን ነው ‹ውይ›? ተናገሪ!»

«አይ፣ ምንም። ዎልተር ካረፈ ወዲህ ደክሞሻል፣ ትረፍ ብላ ይሆናላ። ደግሞ ጥቅልሉን ፊሎሜና እሠራለሁ ስላለች…»

«ማን?»

«ፊሎሜና። የሙሽራው አክስት። ቬርና? ቬርና፣ አለሽ? ሮዝሜሪ ነገረችኝ እንዳትዪ፣ በናትሽ!»

ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ደሜ ፈላ። ዎልተር ባሌ ነው፤ አምና በየካቲት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ነው የቀበርነው። ሐዘኔን ሰበብ አድርጋ ቦታዬን ለባዳ! ለፊሎሜና! እኔ ሴትዮዋን አላውቃትም፣ ክፉም አላደረገችኝም፣ ግን በዚያች ሰዓት ስሟን ስሰማ ጥርሴ ተፋጨ።

ጓዳ ወርጄ አንድ ቆርቆሮ የሚረጋ ነጭ ዘይት አመጣሁ፤ ለክሬሙ መሠረቱ እሱ ነው። ከስኳር ጋር መታሁት፣ ቫኒላ ጨመርኩበት፣ ሁለት ደርዘን ጥቅልል ሞላሁ፣ ስኳር ነሰነስኩ። ያምራል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያምራል! ትሪው ላይ ደርድሬ፣ መኪናው ወንበር ላይ አድርጌ፣ የደህንነት ቀበቶ አሰርኩለት። የራሴን ሳላስር ኦልጋ ቤት ደረስኩ።

በሩን የከፈተልኝ ባሏ ዩጂን ነው። እኔን አየ፣ ትሪውን አየ፣ «ኦልጋ! ቬርና መጥታለች!» ብሎ ጮኸና ወደ መኪና ማቆሚያው ሾልኮ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልታየም።

ቤቱ ቤት አይመስልም። ሶፋው ላይ ሣጥን፣ ደረጃው ላይ ሣጥን፣ የልብስ መተኮሻው ላይ ሳይቀር ሣጥን። ሣጥኑ ሁሉ ላይ ስም ተጽፎበታል። ትሪውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ እንዲያው ቆሜ አነበብኩ፤ የሮዝሜሪ አለ፣ የጎረቤት አለ፣ የፖስተኛው ሚስት እንኳ አለች። የእኔ የለም። 

ኦልጋ እጇ ሁሉ ማርማላታ ሆኖ ከወጥ ቤት ወጣች።

«ቬርና! ምነው በደህና ነው?»

«የፖስተኛው ሚስት ኦልጋ? የፖስተኛው ሚስት?»

«ቁጭ በይ እስቲ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም። ምን በድዬሽ ነው? እሱን ንገሪኝና እሄዳለሁ። ገንዘብሽን ወሰድኩ? ባልሽን ሰደብኩ?»

«ባሌንማ ሰድበሽዋል።»

«እሱን ተይው፣ እሱን ሁሌም ነው የምሰድበው! ካሪንን በእጄ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ትኩሳት ሲይዛት ሌሊቱን ሙሉ የታቀፍኳት እኔ ነኝ። ለእሷ ሠርግ ሳልጋግር ስቀር ሰው ምን ይላል? ቬርና አብዳለች ወይ ከእህቷ ተጣልታለች ነው የሚለው!»

«እንድታርፊ ብዬ ነው። ሐዘን ላይ…»

«ውሸት! ዎልተር ባረፈ በአራተኛው ወር ለዴል ሠርግ ጋግሬ የለም እንዴ?»

ዴል የኦልጋ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ አምና ሰኔ ነው ያገባው። የዴልን ስም ስጠራ ኦልጋ እጇን ሽርጧ ላይ ትጠርግ ጀመር። ማርማላታው አልለቅ አላት፣ እሷም መጥረጉን አልተወችም።

«እና በዚያ ሠርግ ላይ የማን ትሪ ነው ከሁሉ ቀድሞ ባዶ የቀረው?» አልኳት። «የማን ነው? ተናገሪያ! የእኔ አይደለም?»

እኛ ጋ ትሪሽ ባዶ ተመለሰ ማለት ሜዳሊያ አጠለቁልሽ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለዚያ ትሪ አውርቻለሁ። ለፀጉር ሠሪዬ ነግሬያለሁ። ለቄሱ ነግሬያለሁ። ዎልተር መቃብር ላይ ሄጄ ለእሱም ነግሬዋለሁ።

ኦልጋ አንዱን ሣጥን ገፋ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ባዶ ያደረግኩት» አለች።

«ምኑን?»

«ትሪሽን። እኔና ሮዝሜሪ። ሰው አንድ ይጎርስና በሶፍት ጠቅልሎ ሳህኑ ሥር ይደብቀዋል። አንዱ ሲያደርግ አየሁ፣ ዝም አልኩ። አምስተኛው ሲያደርግ ሄጄ ቀመስኩት። ቬርና… አይበላም ነበር። አንቺ ደግሞ ማዶ ቆመሽ ከትሪሽ ላይ ዓይንሽን አትነቅዪም። ምን ላድርግ? ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሮዝሜሪም ከተተች። ቦርሳዎቹ ሲሞሉ የዩጂን ኮት ኪስ ውስጥ አደረግነው። ኮቱ ቅባቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቴን ስታይ ዋጠችው።

እፍረት ከእግሬ ጥፍር እስከ ራስ ፀጉሬ ወረረኝ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ ስንጎራደድ፣ «ውሰዱ እንጂ፣ ሳያልቅባችሁ!» እያልኩ ሰው ስጋብዝ፣ እነዚህ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ በቦርሳ እያጋዙልኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺን? ማን ደፍሮ? ሥጋ ሻጩን ያደረግሽውን ሰምቻለሁ እኮ!»

«እሱ ካርቶን ነው የሚሸጠው!»

«አየሽ?» አለች።

ዘወር ብዬ ትሪውን ከደረጃው ላይ አነሳሁና አፍንጫዋ ሥር አቀረብኩላት።

«ቅመሺ።»

«አሁን ቁርስ በልቼ…»

«ቅመሺ ኦልጋ! እውነቱን ካልነገርሽኝ ቅዳሜ አልመጣም። ስሞትም ቀብሬ ላይ እንዳትደርሺ!»

አንዱን አነሳች። ገመጠች። አንዴ አኘከች፣ ሁለቴ አኘከች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ልትውጠው ስትታገል አየኋት። ልትውጥልኝ፣ ከዚያም «ይጣፍጣል» ልትለኝ። እኔም ቆሜ ዓይን ዓይኗን አየኋት። በመጨረሻ አልቻለችም፤ ሮጣ ሄዳ ማጠቢያው ውስጥ ተፋችው።

«ከርፍቷል!» አለች ውሃውን ከፍታ እየተጉመጠመጠች። «ምንድን ነው ያደረግሽበት? በማርያም፣ ይሄ የሞተ ነገር ነው! ይሄ እኮ ይሸታል! ከገባሽ ጀምሮ ሸቶኛል! አንቺን አይሸትሽም?»

ትሪውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

ውሃውን ዘጋችና ዞራ አየችኝ። ቁጣዋ ጠፋ። መደርደሪያውን ከፍታ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፣ ክዳኑን ከፈተች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። አሽቺ። ምንድን ነው?»

ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ። ምንም።

«ውሃ» አልኳት።

«ቫኒላ ነው ቬርና።»

ሠላሳ ዓመት የጋገርኩ ሴት ቫኒላን ውሃ አልኩት። የሰው ኩኪስ ላይ ልቀመጥ ስል ኦልጋ ክንዴን ይዛ ወደ ወንበር ጎተተችኝ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ቡናው፣ ሳሙናው፣ ሥጋ ሻጩ! ፋብሪካዎቹ ከምንም አልቀነሱም። የቀነስኩት እኔ ነኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ከቀብሩ ማግሥት ጉንፋን ጥሎኝ አልነበር? ከዚያ ወዲህ መሰለኝ። እንጃ። ሐዘን መስሎኝ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምግብ አይጥመውም ይሉ የለ?»

ኦልጋ ሽርጧን ፈታች። ከምድጃው ውስጥ የነበረውን አውጥታ፣ እሳቱን አጥፍታ፣ የመኪና ቁልፏን አነሳች።

«ተነሺ» አለች። «ቤትሽ እንሂድ።»

«ምን ልናደርግ?»

«ላሸትልሽ ነዋ!»

ቤቴ እንደገባን ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ እከራከራለሁ። ዱቄቱን አሸተተች፣ «ደህና ነው።» ቅቤውን አሸተተች፣ «ደህና ነው።» ወተቱን አሸትታ ሳትናገር ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ማቀዝቀዣው ታች ያለውን ዓሣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ከውጭ ስትመለስ ፊቷ አረንጓዴ ሆኗል። «የጤና ነገርሽን እግዜር ነው የጠበቀው» አለችኝ። ከዚያ የሚረጋውን ዘይት ቆርቆሮ ከፈተችና ገና ሳታስጠጋው ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ወረወረች።

«እሱ ነው! ይሄን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከጓዳ። ዎልተር ነው የገዛው፣ ቅናሽ አግኝቶ አራት ቆርቆሮ።»

ገልብጣ ቀኑን አነበበች። «ይሄ የተገዛው ዩጂን ፀጉር በነበረው ጊዜ ነው! በዴል ሠርግም በዚሁ ነው የሠራሽው?»

«የቀረልኝ እኮ ነው ኦልጋ። እሱ የገዛው ነው። ጨርሼው አልጥለው፣ እንዴት ልጣለው?»

 ቆርቆሮውን ቀስ ብላ ከደነችውና በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቀልድ ነበር።

ባዶዎቹ ጥቅልሎች ቀሩ። የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈትኩላት። ሊጡ በዘይቱ አልተሠራም፣ በአዲስ ቅቤ ነው። አንዱን አነሳች፣ አሸተተችው፣ ገመጠች። አኘከች። ፍርፋሪው አገጯ ላይ ወረደ። ዓይኗን አየሁት፤ አሁን ብትዋሸኝ አውቃለሁ። ዋጠችው። ሁለተኛ አነሳች። ሦስተኛውን ሳትጠይቀኝ ስታነሳ እጇን መታሁት።

«በቃ! ለሠርጉ ነው!»

ያኔ ነው ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ በስልክ እንደምታወራ ሆና፣ «ቬርና» አለች፣ «ለልጄ ሠርግ ስንት ደርዘን ታመጫለሽ?»

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ግን እሷ ፊት እንዲህ በቀላሉ አላለቅስም።

«ሃያ አምስት ነበር» አልኳት። «ሁለቱ ደርዘን ከርፍቷል፤ ሁለት ደግሞ አሁን በላሽ። ሃያ ሦስት ሊሞላ ሁለት ፍሬ የጎደለው።»

«ይበቃል።»

«ፊሎሜናስ?»

«የእሷም ይቀመጣል። ጠረጴዛው ረጅም ነው። ክሬሙን አብረን እንመታዋለን፤ አንቺ ትመቺያለሽ፣ እኔ እቀምሳለሁ። አንድ ሳህን እንኳ እኔ ሳልቀምሰው ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ለክሬሙ አዲስ ዘይት ልትገዛ ተነሳች፤ እኔም አብሬያት ተነሳሁ፣ ግን ወደ በሩ አልሄድኩም። አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አላስቆም አለኝ። ወደ ፎቅ ሮጥኩ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ከታች በፌስታል የታሰረውን ነገር አወጣሁ። ቋጠሮው አልፈታ ሲለኝ በጥርሴ ቀደድኩት። የዎልተር ሹራብ ነው፤ ክርኑ የተጣፈው፣ በየቀኑ የሚለብሰው ግራጫው።

ከጉንፋኑ የተነሳሁ ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያንን ሹራብ አቅፎ ማሽተት ነበር። ምንም የለውም። ከሞተ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ሹራቡ ግን ከሱቅ የመጣ ይመስል ምንም የለውም። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ተቀየምኩት። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሮኝ ተኝቶ እንዴት ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም ብዬ ተቀየምኩት። ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ ብዬ ፌስታል ውስጥ አስሬ፣ መስጠትም አቅቶኝ፣ እዚያው ተውኩት።

ኦልጋ ደረጃው ሥር ቆማ ቁልፏን እያቃጨለች ትጠብቀኛለች። ወርጄ ሰጠኋት።

«ይሄንንም አሽቺልኝ» አልኳት።

ሹራቡን አየች፣ እኔን አየች። ቁልፏን ኪሷ ከተተች። በሁለት እጇ ተቀብላ ፊቷን ቀበረችበት። ቆየች። እኔ የደረጃውን እንጨት ጨብጬ ቆሜያለሁ። 

«እ?» አልኳት።

«ዎልተር ነው» አለች ፊቷን ሳታነሳ። «ፒፓው። ያ የሳል ከረሜላው። የመኪና ዘይትም አለበት።»

«ልታስደስቺኝ ብለሽ እንዳይሆን።»

ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ተቆጣች። «አንቺ ሴትዮ! ጠዋት ጥቅልልሽን ፊትሽ ተፍቼ፣ አሁን በሹራብ እዋሽሻለሁ?»

«ሁሉም አለ?»

«አንገትጌው ላይ በደንብ አለ» አለች፤ ደግማ አሸተተች፣ በጥንቃቄ፣ እዚህም እዚያም። «እጅጌው ላይ ትንሽ ቀንሷል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከማለዳ ጀምሮ፣ ምን ከማለዳ፣ ከአምና ጀምሮ ቁጭ ያልኩ አይመስለኝም። ኦልጋ መጥታ ሹራቡን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔን ምንም አልሸተተኝም፤ ግን እዚያ እንዳለ አሁን አውቃለሁ። አልሄደም ነበር። ያለ ጥፋቱ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ተቀይሜው ኖሬያለሁ።